ነል ፖይንተር ድራይቨራችሁን እንዳይጥለው

ሥራዬ የሊኑክስ ድራይቨር (ሃርድዌርን የሚያሠራ ኮድ) መጻፍና የሌሎችን ድራይቨር መገምገም ነው። ነል ፖይንተር ማለት የትም የማያመለክት፣ 0 የሆነ የሜሞሪ አድራሻ ነው፤ የነል ቼክ ደግሞ ከመነካቱ በፊት ነል መሆኑን መጠየቅ ነው። ለግምገማ ከሚደርሰኝ ኮድ መካከል የነል ቼክ የጎደለው ያሳስበኛል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በየፋንክሽኑ መግቢያ ላይ «ነል ከሆነ ተመለስ» የተበተነበት ነው። እንዲህ ያለ ኮድ የጻፈ ሰው ፖይንተሩ መቼ ነል እንደሚሆን አላወቀም። ስላላወቀም ሁሉም ቦታ ዘብ ያቆማል።

ስለዚህ «ቼክ አብዙ» አልላችሁም። ለእያንዳንዱ ፖይንተር ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ነል የሚያደርገው ማነው? መቼ? መልሱ ከተገኘ ቼኩ የት መግባት እንዳለበት ግልጽ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይበቃል። አንዳንዴም የሚያስፈልገው ቼክ ሳይሆን ሁለት መስመር ቦታ ማቀያየር ነው።

ምሳሌዎቼ ከሊኑክስ ናቸው። ሌላ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ላይ ለምትሠሩ የፋንክሽኖቹ ስም ይለያይ እንጂ ጣጣው ያው ነው።

ከርነል ውስጥ ለምን ይከፋል

ተራ ፕሮግራም ነል ሲነካ ይሞታል፤ ከርነሉ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ይሰበስብለታል። ድራይቨር ግን የሚሮጠው ከርነሉ ውስጥ ነው። እዚያ የሚፈጠረው ስህተት «ኡፕስ» ይባላል። ድራይቨሩን የጠራው ፕሮሰስ መሐል መንገድ ላይ ይገደላል። ሲገደል የያዘው ሙቴክስ (መቆለፊያ) ካለ እንደተቆለፈ ይቀራል። ቀጥሎ ያንን ሙቴክስ የሚፈልግ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ማንም አይከፍትለትም። ማሽኑ የቆመ ይመስላል ግን ግማሹ ሞቷል።

ስህተቱ ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት) ውስጥ ከሆነ ይህም የለም። ከርነሉ በቀጥታ ፓኒክ ያደርጋል፤ ማሽኑ ይወድቃል።

መጀመሪያ አድራሻውን አንብቡ

ኡፕስ ሲመጣ ብዙ ሰው ወደ ታች ወርዶ የጥሪ ሰንሰለቱን ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው አድራሻውን ነው። ለምሳሌ የአንድ ሙቀት መለኪያ ሴንሰር ድራይቨር ወደቀ እንበል። የመጀመሪያው መስመር ከርነሉ ነል ፖይንተር እንደነካ ይናገርና አድራሻውን 0000000000000018 ይላል።

ለምን 0 አልሆነም? 18 የተጻፈው በሄክሳዴሲማል ነው፤ በተለመደው ቁጥር 24 ማለት ነው። አሁን የድራይቨሩን ስትራክት (ዳታውን በአንድ ላይ የሚይዘውን መዋቅር) ክፈቱ። አራት ፖይንተሮች በተርታ አሉ እንበል፤ ዲቫይሱ፣ የአይ-ቱ-ሲ ክላየንቱ፣ በፈሩ፣ ሬጅማፑ (የዲቫይሱን ሬጅስተሮች ማንበቢያና መጻፊያ)። ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ እያንዳንዱ 8 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በ0፣ በ8፣ በ16 እና በ24 ላይ ይቀመጣሉ። 24 ላይ ያለው ሬጅማፑ ነው።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። «ሬጅማፑ ነል ነው» ብሎ ሬጅማፑ ላይ ቼክ ይጨምራል። መልእክቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። ነል የሆነው ስትራክቱ ራሱ ነው። ኮዱ ነል ከሆነ ስትራክት ውስጥ ሬጅማፑን ሊያነብ ሲሞክር ወደቀ። የተጨመረው ቼክ ራሱ አድራሻ 18ን ስለሚያነብ እዚያው ይወድቃል። ነል የሆነው ሬጅማፑ ቢሆን ኖሮ አድራሻው በሬጅማፑ ስትራክት ውስጥ ያለ የሌላ ፊልድ ርቀት ይሆን ነበር።

የፊልዶችን ርቀት በእጅ አትቁጠሩ። «ፓሆል» የሚባለው መሣሪያ ከዲበግ መረጃው ላይ ያወጣላችኋል። ኡፕሱ ላይ ከፋንክሽኑ ስም ጎን ያለውን የመደመር ምልክትና ቁጥር ደግሞ በከርነሉ የስክሪፕት ፎልደር ውስጥ ላለው «ፋድር-ቱ-ላይን» ስጡት። የሶርስ ኮዱን መስመር ይነግራችኋል። ሁለቱም የሚሠሩት ከርነሉ በዲበግ መረጃ ከተኮምፓየለ ነው።

ሌሎች አድራሻዎችም የሚሉት አላቸው። ያነበበው አድራሻ ብቻ ሳይሆን ሲፒዩው ሊያስኬደው የሄደው ትእዛዝም 0 ላይ ከሆነ፣ ያልተሞላ የፋንክሽን ፖይንተር ጠርታችኋል። የኦፕሬሽን ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው።

አድራሻው 10 ከሆነ፣ ማለትም በተለመደው ቁጥር 16፣ ሌላም ነገር ጠርጥሩ። ሜሞሪ የሚሰጠው «ኬማሎክ» 0 ባይት ሲጠየቅ ነል አይመልስም። 16 የሚል ልዩ ፖይንተር ይመልሳል። ይህ ፖይንተር የነል ቼክን በሰላም ያልፋል፤ ስትነኩት ግን ይጥላችኋል። መጠኑ ከሃርድዌር ወይም ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነ መጠኑን ራሱን ቼክ አድርጉ።

አድራሻው መጀመሪያው በኤፍ ፊደል የተሞላ ግዙፍ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ምናልባት ነል ሳይሆን የስህተት ቁጥር ነው የነካችሁት። ወደዚያ ልሂድ።

ፋንክሽኑ ሲከሽፍ ምን ይመልሳል?

ከርነሉ ውስጥ ፖይንተር የሚመልሱ ፋንክሽኖች ሁሉ ሲከሽፉ አንድ ዓይነት አይናገሩም። ለድራይቨር ጸሐፊ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል።

አንዳንዶቹ ነል ይመልሳሉ። «ኬማሎክ»፣ «ኬዛሎክ» እና «አይኦ-ሪማፕ» እንዲህ ናቸው። ሌሎቹ የስህተቱን ቁጥር ፖይንተር አስመስለው ይመልሳሉ። ከ-1 እስከ -4095 ያሉ ቁጥሮች በአድራሻው ዓለም መጨረሻ ላይ ስለሚያርፉ ከእውነተኛ ፖይንተር ጋር አይጋጩም። ክሎክ፣ ሬጉሌተር፣ ጂፒአይኦ እና ሬጅማፕ የሚሰጡት ፋንክሽኖች እንዲህ ናቸው። ሲከሽፉ የእነዚህን መልስ ነል ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው መልሱ። ቼኩ አለ፤ ግን ምንም አይጠብቅም። የሚጠየቀው በ«ኢዝ-ኤረር» ነው።

ቅርብ ዘመዳሞች እንኳን ይለያያሉ። «አይኦ-ሪማፕ» ነል ይመልሳል፤ ሪሶርሱን ተቀብሎ ያንኑ ሥራ የሚሠራው የ«ዴቭ-ኤም» (ከርነሉ ራሱ የሚለቅለት ዓይነት) ወንድሙ ግን የስህተት ፖይንተር ነው የሚመልሰው። አንዱን በሌላው ስትተኩ ቼኩንም ቀይሩ። ፓች ሳይ ሁልጊዜ የምፈትሸው ቦታ ነው።

ሦስተኛው ቡድን «ኦፕሽናል» የሚል ቅጥያ ያላቸው ናቸው። ኦፕሽናል ጂፒአይኦ ወይም ኦፕሽናል ክሎክ ስትጠይቁ ነል ከመጣ «ቦርዱ ላይ የለም» ማለት ነው። ስህተት አይደለም፤ ቀጥሉ። የስህተት ፖይንተር ከመጣ ግን እውነተኛ ችግር አለ፣ ወይም -517 ሆኖ «የምፈልገው ድራይቨር ገና አልተነሳም፣ ቆይተህ ሞክር» እያላችሁ ነው። ደስ የሚለው ነገር ነሉን ለክሎክና ለጂፒአይኦ ፋንክሽኖች መልሳችሁ ብትሰጧቸው ዝም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ በየቦታው መጠየቅ አያስፈልግም። «ኬፍሪ»ም ነል ሲሰጠው ምንም አይሆንም።

ሬጉሌተር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ኦፕሽናል ሬጉሌተር ከሌለ የሚመጣው ነል ሳይሆን የ-19 ስህተት ነው። ስሙ ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል፤ ውሉ ግን ይለያል። የፋንክሽኑን ስም አይታችሁ አትገምቱ፤ ከፋንክሽኑ በላይ የተጻፈውን ኮሜንት አንብቡ።

«ሁለቱንም ልያዝ» ብሎ «ኢዝ-ኤረር-ኦር-ነል» የሚጠቀም ብዙ ነው። እኔ ይህን ሳይ ወዲያው እቆማለሁ። ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው መስመር የፖይንተሩን የስህተት ቁጥር አውጥቶ ከ«ፕሮብ» (ከርነሉ ዲቫይሱን ለድራይቨሩ ሲሰጥ ከሚጠራው የማዘጋጃ ፋንክሽን) ይመልሳል። ፖይንተሩ ነል ከሆነ ያ ቁጥር ስንት ነው? 0 ነው። 0 ደግሞ ለከርነሉ «ተሳክቷል» ማለት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ መሐል ላይ የተቋረጠ ድራይቨር ዲቫይሱን እንደያዘ ይመዘገባል። ዲቫይሱን ለማስተኛት ወይም ለማውጣት የሚሞክር የመጀመሪያው ሰው ላይ ይፈነዳል። ክራሹ የሚታየው ከምክንያቱ በጣም ርቆ ነው። ይህን ማክሮ ከመጠቀም ውሉን አንብቦ ትክክለኛውን ቼክ መጻፍ ይሻላል።

ሊስትም የራሱ ወጥመድ አለው። ከሊስት የመጀመሪያውን የሚያወጣው ማክሮ ሊስቱ ባዶ ቢሆንም ነል አይመልስም። ከሊስቱ ራስ ላይ ርቀት ቀንሶ የማይረባ ፖይንተር ይሰጣችኋል። ከሱ ቀጥሎ የተጻፈ የነል ቼክ ከንቱ ነው። «ኦር-ነል» የሚል ቅጥያ ያለው ሌላ ማክሮ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። በሊስት ላይ የሚዞር ሉፕ ሳይቋረጥ ሲያልቅም እንደዚሁ ነው። ዟሪው ፖይንተር ነል አይሆንም።

ከውጭ የሚመጣን አትመኑ

ዩኤስቢ ላይ የምትሠሩ ይህን አስምሩበት። ዲቫይሱ ስለራሱ የሚናገረውን የሚጽፈው ዲቫይሱ ነው። ሊዋሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 አካባቢ በሊኑክስ ዩኤስቢ ድራይቨሮች ላይ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች በተከታታይ ተገኝተው ነበር። አንዱ «ቫይዘር» በተባለው የሲሪያል ድራይቨር ላይ ነው። ድራይቨሩ ዲቫይሱ የበልክ-አውት ኤንድፖይንት (ዳታ ወደ ዲቫይሱ የሚላክበት መስመር) ይኖረዋል ብሎ አምኗል። የሌለው ዲቫይስ የሰካ ሰው ከርነሉን መጣል ይችል ነበር።

መፍትሔው «ፕሮብ» ውስጥ ነው። የምትፈልጓቸውን ኤንድፖይንቶች ቆጥሮ የሚያመጣ ረዳት ፋንክሽን ከርነሉ ውስጥ አለ። አንዱ ከጎደለ ስህተት መልሳችሁ ውጡ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ንባብና ጽሕፈት ውስጥ ደግማችሁ አትጠይቁ፤ ተመልሷል።

ከማች ሠንጠረዥ (ድራይቨሩ ከሚያውቃቸው ዲቫይሶች ዝርዝር) የሚመጣ ዳታም እንደዚሁ ነው። ድራይቨሩ ሁልጊዜ በሠንጠረዡ በኩል ብቻ የሚጠራ ይመስላል። አንድ አስተዳዳሪ ግን በሲስ-ኤፍኤስ (ከርነሉ ዲቫይሶቹን በፋይል መልክ በሚያሳይበት) በኩል ዲቫይሱን በግድ ከድራይቨራችሁ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ያኔ የማች ዳታው ነል ሆኖ ይመጣል። አንድ ቼክ «ፕሮብ» መጀመሪያ ላይ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የነል ቼክ ከነል ብቻ ነው የሚያድነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የደህንነት ሶፍትዌር ድርጅቱ ክራውድስትራይክ የለቀቀው ዝማኔ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል ብዙ ሰው «ነል ፖይንተር ነው» ብሎ ነበር። ድርጅቱ ኋላ ያወጣው ማብራሪያ ግን ሌላ ነው። 20 ግብዓት በቀረበበት 21ኛውን ለማንበብ የሞከረ ኮድ ነበር። ከውጭ የመጣ ዳታ ሲሆን ፖይንተሩንም ቁጥሩንም ቼክ አድርጉ።

ፕሮብ ውስጥ ቅደም ተከተል

ብዙ የነል ክራሽ ቼክ በመጨመር አይድንም። ምክንያቱ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው።

ኢንተራፕት ስትመዘግቡ፣ የሲስ-ኤፍኤስ ፋይል ስትፈጥሩ፣ የካራክተር ዲቫይስ ስታወጡ ለውጭው ዓለም በር ከፈታችሁ። ቤቱ ሳይሰናዳ እንግዳ መጥራት ነው። ዳታችሁ ከዚያ በፊት መሞላት አለበት።

አንድ ድራይቨር በቅርብ እንይ። ስትራክቱን አለኬት ያደርጋል። ኢንተራፕቱን ይመዘግባል። ከዚያ ሬጅማፑን ያዘጋጃል፤ መጨረሻ ላይ ስትራክቱን ከዲቫይሱ ጋር በ«ሴት-ድራይቨር-ዳታ» ያያይዛል። የኢንተራፕት ሃንድለሩ ደግሞ ስትራክቱን የሚያገኘው ከዲቫይሱ ላይ ነው። በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ሴንሰሩ ዝም ያለ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ግን ቡትሎደሩ ሴንሰሩን ነክቶት የኢንተራፕት መስመሩ እንደተነሳ ይቆያል። ያኔ ምዝገባው ገና ሳይመለስ ሃንድለሩ ይጠራል። ከዲቫይሱ ላይ ስትራክቱን ይጠይቃል፤ ነል ያገኛል፤ ማሽኑ ይወድቃል።

እንግዲህ ሃንድለሩ ውስጥ የነል ቼክ እንጨምር? ነል ከሆነ «የኔ አይደለም» ብሎ ይመለስ? መስመሩ በደረጃ የሚነሳ፣ ማለትም እስኪወርድ ድረስ እንደተነሳ የሚቆይ ከሆነ ማንም ስላላወረደው ሃንድለሩ ወዲያው ደግሞ ይጠራል። ደግሞ፣ ደግሞ። ከርነሉ ይቆጥራል። ከ100,000 ኢንተራፕት ውስጥ ከ99,900 በላይ ባለቤት ካጡ «ማንም ግድ የለውም» የሚል መልእክት ጽፎ መስመሩን ይዘጋዋል። አሁን ክራሽ የለም። ሴንሰሩ ግን ሞቷል፤ መስመሩን የሚጋሩ ሌሎች ዲቫይሶችም አብረውት። ክራሹ ቢያንስ ችግሩ የት እንዳለ ይነግራችሁ ነበር።

መድኃኒቱ ምዝገባውን ወደ መጨረሻ ማውረድ ነው። አለኬት አድርጉ፣ ሎኩንና ወርኩን (ለኋላ የሚተላለፈውን ሥራ) አስጀምሩ፣ ሬጅማፑን አዘጋጁ፣ ስትራክቱን አያይዙ፣ ሴንሰሩ ውስጥ ተንጠልጥሎ የቆየውን ኢንተራፕት አጽዱ። ከዚያ በሩን ክፈቱ። አንድም የነል ቼክ አልተጨመረም።

ሲወጣም እንደዚያው

ዲቫይሱ ሲወጣ የሚጠራው «ሪሙቭ» የ«ፕሮብ» ግልባጭ ነው። መጨረሻ የተከፈተው በር መጀመሪያ ይዘጋል። ኢንተራፕቱን ዝጉ፤ ቀጥሎ ታይመሩንና ወርኩን ጨርሶ እስኪቆም በሚጠብቀው ዓይነት ፋንክሽን አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ሜሞሪውን ልቀቁ። ወርኩን ከኢንተራፕቱ በፊት ብታቆሙት ኢንተራፕቱ መልሶ ያስነሳዋል።

የ«ዴቭ-ኤም» ፋንክሽኖች በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀሉ ይጎዳሉ። እነሱ የያዙት ነገር የሚለቀቀው «ሪሙቭ» ተመልሶ ካበቃ በኋላ ነው። ኢንተራፕቱ በ«ዴቭ-ኤም» ተመዝግቦ፣ በፈሩን ግን «ሪሙቭ» ውስጥ በእጃችሁ ለቅቃችሁ ነል ካደረጋችሁት፣ መሐል ላይ ክፍተት አለ። በፈሩ የለም፤ ኢንተራፕቱ ግን ሕያው ነው። ወይ ሁሉንም ለ«ዴቭ-ኤም» ስጡት፣ ወይ ኢንተራፕቱን ራሳችሁ ቀድማችሁ ዝጉ።

ቼኩ ሳይዘገይ፣ ሎኩ ሳይረሳ

ቼክ ካስፈለገ ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት ይሁን። ይህ ግልጽ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የሊኑክስ «ተን» የኔትወርክ ድራይቨር የተጋለጠው በዚህ ነው። ፋንክሽኑ መጀመሪያ ከፖይንተሩ አንድ ፊልድ አነበበ፤ ከዚያ ፖይንተሩ ነል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጂሲሲ ኮምፓይለር «አስቀድሞ ከተነካ ነል ሊሆን አይችልም» ብሎ ቼኩን ጭራሽ አወጣው። በሶርሱ ላይ ያለው ቼክ በተኮምፓየለው ኮድ ውስጥ አልነበረም። ቀዳዳው የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ለመንጠቅ ዋለ። ከርነሉ ከዚያ በኋላ ኮምፓይለሩ የነል ቼክ እንዳይሰርዝ በሚያደርግ አማራጭ ነው የሚኮምፓየለው። ቢሆንም ተለዋዋጭ ስታውጁ በዚያው መስመር ከፖይንተሩ ላይ ዋጋ አታንብቡ። ስህተቱ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛው ነገር ሎክ ነው። «በፈሩ ነል ካልሆነ ተጠቀምበት» የሚል መስመር ላይ ቼኩና አጠቃቀሙ ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች ናቸው። በመሐላቸው ሌላ ሲፒዩ በፈሩን ነል ሊያደርገው ይችላል። ፖይንተሩን ወደ ራሳችሁ ተለዋዋጭ መቅዳት ከነሉ ያድናችሁ ይሆናል፤ ሜሞሪው ከተለቀቀ ግን የባሰ ነገር ውስጥ ትገባላችሁ። ቼኩም፣ አጠቃቀሙም፣ ነል ማድረጉም በአንድ ሎክ ሥር ይሁኑ። ሎክ የማይመች ከሆነ አርሲዩ (አንባቢዎች እስኪጨርሱ ሜሞሪው እንዳይለቀቅ የሚያደርግ ዘዴ) ወይም የማጣቀሻ ቆጠራ አለ።

ራሳችሁ ጣሉት

የስህተት መንገዶች በተፈጥሯቸው አይፈተኑም፤ ሜሞሪ በጠረጴዛችሁ ላይ አያልቅም። ስለዚህ እንዲያልቅ አድርጉት። ከርነሉ ውስጥ «ፌይልስላብ» የሚባል ስህተት ሆን ብሎ የሚፈጥር መሣሪያ አለ። «ፌይል-ኤንዝ» በሚባለው የፕሮክ ፋይል ደግሞ «አንደኛው ጥሪ ይክሸፍ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው» እያላችሁ ሁሉንም መንገድ መዞር ትችላላችሁ። ትናንሽ አለኬሽኖች ብዙ ጊዜ አይከሽፉም ብሎ ቼኩን የሚንቅ ሰው ይህን አንዴ ያስኪደው።

የከርነሉ ኮንፊግ ውስጥ እያንዳንዱን ድራይቨር ሲነሳ «ፕሮብ»፣ «ሪሙቭ»፣ እንደገና «ፕሮብ» የሚያደርግ የሙከራ አማራጭ አለ። ለልማት ማሽን ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ግን አብሩት። የሜሞሪ ስህተት ፈላጊውን ኬሳንንም አብሩ፤ ፖይንተሩ ነል ይሁን የተለቀቀ ሜሞሪ ለይቶ ይነግራችኋል። «ስማች» ደግሞ ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ከተነካ በኋላ የተጠየቀ ፖይንተር ካለ ይጠቁማል። የ«ተን»ን ዓይነት ስህተት የሚያገኘው እሱ ነው።

በመጨረሻ ይህን በእጃችሁ አድርጉት። በአንድ ተርሚናል ከዲቫይሱ ያለማቋረጥ የሚያነብ ሉፕ አስነሱ። በሌላው ተርሚናል በሲስ-ኤፍኤስ በኩል ድራይቨሩን «አንባይንድ» እና «ባይንድ» እያደረገ የሚዞር ሌላ ሉፕ። ኢንተራፕት የሚያስነሳ ነገር ካለ እሱንም ጨምሩ። ሌሊቱን ይሂድ። ጠዋት ዲሜሴጁን (የከርነሉን መልእክት መዝገብ) ስትከፍቱ ኡፕስ ካገኛችሁ ጥሪዎቹን ከማየታችሁ በፊት አድራሻውን አንብቡ።